አረፋውን ማን ይይዘዋል? ከስንዴ የራቀ ማዕድና ፊዚክሱ

የፊዚክስ መምህር ስለ ሊጥና ስለ እርሾ ሲጽፍ «ይህ ሰው ምን አገባው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ጀርመን አገር በሄድኩበት ዘመን የጥናቴ መስክ የጠጣር ቁስ አካላት ፊዚክስ ነበር፤ ስለ ዳቦ የማውቀው መብላቱን ብቻ ነበር።

በትምህርቱ ሦስተኛ ዓመት ላይ ክብደቴ ይቀንስ፣ ደረጃ ስወጣም ጉልበቴ ይከዳኝ ጀመር። ብርዱን፣ ናፍቆቱንና የማያልቀውን የቤተ ሙከራ ሥራ ተጠያቂ አደረግኋቸው። በአንድ ክሊኒክ የደም ማነስ እንዳለብኝ ተነግሮኝ የብረት ንጥረ ነገር ያለበት ክኒን ታዘዘልኝ። ክኒኑ ሲያልቅ የደም ማነሱ ተመለሰ፤ ሌላ ክኒን ታዘዘ፤ እርሱም ሲያልቅ እንደዚያው ሆነ። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ ስንመላለስ «የሚገባው ብረት የት እየሄደ ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የገባውንና የወጣውን ሒሳብ አለመያዝ ለአንድ የፊዚክስ ተማሪ የሚያሳፍር ስሕተት ነው፤ እኔም ግን አልጠየቅሁም። በመጨረሻ ጥያቄውን ያነሣች አንዲት ሐኪም የደም ምርመራ አዘዘች፤ ከትንሹ አንጀቴም ጥቂት ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ታየ። ውጤቱ ሴሊያክ የሚባል በሽታ ሆነ። ሕክምናውም ስንዴን፣ ገብስንና የእነርሱን የቅርብ ዘመዶች ዕድሜ ልክ መተው ነው።

መተው በአፍ ሲሉት ቀላል ነው። ጾም በሚጾም ቤተሰብ ውስጥ ላደገ ሰውም ሥጋንና ወተትን መተው አዲስ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ በጾም ጊዜ ማዕዱን የሚሸከመው እህሉ ነው። እህሉ ራሱ ሲከለከል ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከማዕድ ላይ አንድ ነገር ስናነሣ ያ ነገር ይሠራ የነበረውንም ሥራ አብረን እናነሣለንና። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ ሁለት ጥያቄዎችን እንመለከታለን፤ ግሉተን በሊጥ ውስጥ ምን ይሠራል? እርሱ በሌለበትስ ሥራውን ማን ይሠራዋል?

ግሉተን ምንድን ነው?

መልሱን ከማንበብ በፊት በወጥ ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። አንድ እፍኝ የስንዴ ዱቄት በጥቂት ውኃ ለውሳችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል እሹት። ግማሽ ሰዓት አሳርፋችሁ በጎድጓዳ ሳሕን ውኃ ውስጥ ቀስ እያላችሁ እጠቡት። ውኃው እንደ ወተት ይነጣል፤ ያነጣውም ከሊጡ እየተለየ የሚወጣው ስታርች ነው። ውኃውን ደጋግማችሁ ስትለውጡ በመጨረሻ በእጃችሁ ላይ እንደ ማስቲካ የሚሳብ ግራጫማ ነገር ይቀራል። ግሉተን የሚባለው ይህ ነው። ጣሊያናዊው ሊቅ ጃኮፖ ባርቶሎሜዮ ቤካሪ ይህንኑ ሙከራ በቦሎኛ ከተማ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1745 በታተመ ጽሑፉ ገልጾታል። ሙከራውን በጤፍ ዱቄት ብትደግሙት ግን ሊጡ በውኃው ውስጥ ተበትኖ ያልቃል፤ በእጅ ላይ የሚቀር ማስቲካ የለም።

ግሉተን በዋናነት ከሁለት የፕሮቲን ቤተሰቦች የተሠራ ነው። ግሉተኒን የሚባሉት ረጃጅም ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው ተያይዘው እንደ ላስቲክ የሚለጠጥና ወደ ቦታው የሚመለስ መረብ ይሠራሉ። ግሊያዲን የሚባሉት አጫጭሮቹ ደግሞ በመካከላቸው ገብተው ሊጡ ሳይበጠስ እንዲሳብ ያደርጋሉ። ሊጥ ሲታሽ የሚጠነክረው ይህ መረብ እየተዘረጋና እየተያያዘ ስለሚሄድ ነው።

ሴሊያክ ባለበት ሰው ችግር የሚያመጣውም ይኸው ፕሮቲን ነው። የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞቻችን ግሉተንን ሙሉ በሙሉ መቆራረጥ አይችሉም። ለበሽታው የተጋለጠ የዘር ውርስ ባላቸው ሰዎች የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የቀረውን ቁራጭ እንደ ጠላት ቈጥሮ ይዘምትበታል፤ በዘመቻው መካከልም የራሱን አንጀት ያቆስላል። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ገጽ እንደ ስጋጃ ጸጕር በቆሙ ጥቃቅን ዘለላዎች የተሸፈነ ነው። የእነዚህ ጥቅም ምግብ የሚያልፍበትን የገጽ ስፋት ማብዛት ነው። ዘለላዎቹ ሲረግፉ ስፋቱ ይቀንሳል፤ ስፋቱ ሲቀንስ ብረትም ሆነ ሌላው ንጥረ ነገር ሳይገባ ያልፋል። የእኔ ክኒን የት ይሄድ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። በዓለም ላይ ከ100 ሰዎች አንዱ ያህል ይህ በሽታ እንዳለበት ይገመታል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ አያውቁትም።

የሙዙ ትምህርት

የዚህ በሽታ ታሪክ ለሳይንስ ተማሪ ትልቅ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1924 ሲድኒ ሃስ የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም ሴሊያክ ያለባቸውን ልጆች በሙዝ ላይ የተመሠረተ ምግብ እየመገበ ብዙዎቹ እንደዳኑለት አስታወቀ። ልጆቹ በእርግጥ ተሽሏቸው ነበር። ስለዚህ ሙዝ መድኃኒት ነው ተባለ፤ ይህ እምነትም ለብዙ ዓመታት ጸንቶ ቆየ። ነገር ግን ሙዙ ሲገባ ዳቦው ወጥቶ ነበር። ልጆቹን ያዳናቸው የተጨመረው ሳይሆን የተቀነሰው ነበር። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ስለተለወጠ ምክንያቱን መለየት አልተቻለም።

ዳቦውን የለየው ቪለም ካረል ዲከ የተባለ በሄግ ከተማ የሕፃናት ሆስፒታል ይሠራ የነበረ ሆላንዳዊ ሐኪም ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትም ቢሆን በስንዴ ላይ ጥርጣሬ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 መካከል በነበረው ክረምት ሆላንድ በረሃብ ተመታች፤ ዳቦ ጠፋ፤ ሕዝቡ የአበባ ሥር እስከ መብላት ደረሰ። በዚያ ችግር መካከል የሴሊያክ ሕፃናት ሁኔታ ከመባባስ ይልቅ መሻሻል አሳየ፤ ዳቦ ሲመለስ በሽታውም ተመለሰ። ዲከ በዚህ ብቻ አልረካም። በሆስፒታል ውስጥ አንዱን እህል በአንድ ጊዜ እያስገባና እያወጣ፣ ከባልደረቦቹ ጋር በመሆንም ከሕፃናቱ ሰገራ ጋር የሚወጣውን ስብ እያስለካ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ለኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የስንዴን ጎጂነት አረጋገጠ።

መተው እንደ ሳይንሳዊ ሙከራ

በምግብ ምክንያት የሚመጣ ሕመምን ለመለየት ሐኪሞች የተጠረጠሩ ምግቦችን ለጊዜው አስወግደው ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ የሚመልሱበት ዘዴ አለ። አልበርት ሮው የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ዘዴውን በ1920ዎቹ አስተዋውቆታል። ከዲከ ሥራ ጋር ሲነጻጸር መርሑ አንድ ነው፤ በትምህርት ቤት የምንማረው «አንዱን ተለዋዋጭ ብቻ ለውጥ፣ ሌላውን አጽና» የሚለው ሕግ በማዕድ ላይ ሲውል ማለት ነው። ሥርዓቱን በአጭሩ እንዲህ ማስቀመጥ ይቻላል።

1ኛ. አስቀድሞ መመርመር። ሴሊያክን የሚያሳየው የደም ምርመራ የሚለካው ግሉተን ሲበላ ሰውነት የሚያመርታቸውን አንቲቦዲዎች ነው። ከምርመራው በፊት ስንዴና ገብስ የተወ ሰው አንቲቦዲው ስለሚቀንስ፣ በሽታው እያለበት «የለብህም» ሊባል ይችላል። መሣሪያው እንዲለካው የምንፈልገውን ነገር አስቀድሞ ማጥፋት እንደማለት ነው።

2ኛ. መመዝገብ። የተበላውን፣ ሰዓቱንና የተሰማውን ስሜት በየቀኑ በደብተር መጻፍ ያስፈልጋል። ትዝታ የመለኪያ መሣሪያ አይደለም።

3ኛ. የማስወገጃውን ጊዜ መወሰን። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይበቃል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ለወራት ብዙ ምግብ መተው ሰውነትን ይጎዳል፤ በማደግ ላይ ባለ ልጅ ላይ ጉዳቱ ይከፋል።

4ኛ. በመመለስ ጊዜ አንድ ምግብ ብቻ መመለስና ጥቂት ቀን መጠበቅ። ቀድሞ አፍን ያሳበጠ ወይም ትንፋሽ ያሳጠረ ምግብ ግን ያለ ሐኪም ፈጽሞ አይሞከርም።

ሴሊያክ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ግን «መመለስ» የሚባለው ምዕራፍ የለም። ሙከራው አብቅቷል፤ የሚቀረው አዲሱን ማዕድ መልመድ ነው። ለእኔ አስቸጋሪው ክፍል የጀመረውም እዚህ ላይ ነበር።

የመጀመሪያው ዳቦዬ

በምኖርበት ከተማ ጤፍ አይገኝም ነበር። ከሱቅ ያገኘሁት የሩዝ ዱቄትና ቡክዊት የሚባል ጥቁር ባለ ሦስት ማዕዘን ፍሬ ዱቄት ነበር። ቡክዊት በጀርመንኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ «ስንዴ» የሚል ቃል ስላለበት መጀመሪያ ፈርቼው ነበር። በዝምድና ግን ከስንዴ ጋር አይገናኝም፤ የሚመደበው እኛ አገር መቅመቆ ከሚመደብበት የዕፅዋት ቤተሰብ ነው። ሁለቱን ዱቄት ቀላቅዬ፣ በስንዴ ዳቦ ደንብ 20 ደቂቃ አሽቼ፣ እርሾ ጨምሬ ጋገርኩ። የወጣው ነገር ላዩ የተሰነጠቀ፣ ከቅርፊቱ ሥር ባዶ ዋሻ ያለበት፣ ታቹ ደግሞ እንደ ጡብ የደደረ ነበር። አብሮኝ ይኖር የነበረው ተማሪ «ለበር መደገፊያ ይሆንሃል» አለኝ።

ጥፋቱ የጋዝ እጥረት አልነበረም። እርሾ አንድ ግራም ስኳር ሙሉ በሙሉ ሲያፈላ 0.27 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ስለዚህ ጥቂት ግራም ስኳር ከአንድ ዳቦ መጠን የሚበልጥ ጋዝ ያመነጫል። ጥያቄው ጋዙን የሚይዘው ማን ነው የሚለው ነው።

በፈሳሽ ውስጥ ያለች አረፋ ሁለት ጠላቶች አሏት። የመጀመሪያው የገጽ ውጥረት ነው። በአንዲት አረፋ ውስጥ ያለው ትርፍ ግፊት የገጽ ውጥረቱ እጥፍ ለሬዲየሱ ተካፍሎ የሚገኘው ነው። ሬዲየሱ ሲያንስ ግፊቱ ይበዛል። ከዚህም የተነሣ የትንሿ አረፋ ጋዝ በሊጡ ውስጥ ሰርጎ ወደ ትልቋ ይሄዳል፤ ትልቋ ትፋፋለች፣ ትንሿ ትጠፋለች። በመጨረሻ የሚቀሩት ጥቂት ግዙፍ አረፋዎች ናቸው። ከቅርፊቱ ሥር ያየሁት ዋሻ አንዱ ምንጩ ይህ ነው።

ሁለተኛው ጠላት የአርኪሜዲስ ግፊት ነው። አረፋዋ ከሊጡ ስለምትቀል ወደ ላይ ትወጣለች። በስቶክስ ሕግ መሠረት የመውጣት ፍጥነቷ ከሬዲየሷ ካሬ ጋር ቀጥተኛ፣ ከፈሳሹ ዝልግልግነት ጋር ደግሞ ተገላቢጦሽ ዝምድና አለው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ያላት አረፋ ዝልግልግነቱ 1 ፓስካል ሰከንድ በሆነ ስስ ሊጥ ውስጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ለመውጣት 18 ሰከንድ ገደማ ይበቃታል። ዝልግልግነቱ እንደ ማር 10 ፓስካል ሰከንድ ቢሆን 3 ደቂቃ ያስፈልጋታል። የዳቦ ሊጥ ከፍታ ግን 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን ብንል እንኳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወጥታ ታመልጣለች፤ ሊጥ ለመንፋት የሚፈጀው ጊዜ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል።

የስንዴ ሊጥ ሁለቱንም ጠላቶች በግሉተን መረብ ይቋቋማል። እያንዳንዷ አረፋ በሚለጠጥ ግድግዳ ትታሰራለች፤ ግድግዳው ሳይቀደድ አብሯት ይሰፋል። ሙቀቱ ሲያልፍበት ፕሮቲኑና ስታርቹ ስለሚደርቁ ቅርጹ ጸንቶ ይቀራል። እኔ ግን ያን መረብ አስወግጄ ሥራውን የሚተካ አላስገባሁም። 20 ደቂቃ ማሸቴም በከንቱ ነበር፤ የሚዘረጋ መረብ በሌለበት ማሸት ለክንድ ካልሆነ በቀር ለሊጥ አይጠቅምም።

የእናቴ አብሲት

ትምህርቴን ጨርሼ አዲስ አበባ ስመለስ ችግሬ ሁሉ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ጤፍ ግሉተን የለበትም። የሆላንድ ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዝርያዎችን መርምረው የሴሊያክ ሕሙማንን የሚጎዱት የፕሮቲን ክፍሎች እንዳልተገኙባቸው እ.ኤ.አ. በ2005 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አሳውቀዋል። ጤፍን ብቻ መብላት ግን ለኪስም ሆነ ለምላስ ይከብዳል። ስለዚህ ከዚያ በፊት ቀምሼው የማላውቀውን ዳጉሳ ገዝቼ ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ፤ እንጀራ ልጋግርበት ማሰቤንም ነገርኳት። ጎጃም ተወልዳ ያደገችው እናቴ ዱቄቱን በጣቷ ቈንጥራ አየችና፣ «ዳጉሳ ለአንተ ነው እንጂ ለእኔ እንግዳ አይደለም» አለችኝ። የእኔ እንግዳ እህል የእርሷ የልጅነት እንጀራ ነበር።

ሊጡ ከቦካ በኋላ ወደ ምጣዱ ስጣደፍ ደግሞ፣ «አንተ ልጅ፣ ሰው ያለ አብሲት ይጋግራል?» ብላ አስቆመችኝ። ከቡሆው አንድ አሥረኛ ያህሉን ቀንሳ፣ በሚፈላ ውኃ ውስጥ እያማሰለች አበሰለችው፤ ለብ ሲል መልሳ ቀላቀለችውና ቡሆው እንደገና እስኪነሣ ጠበቀች።

በዚያ ድስት ውስጥ የተሠራውን ነገር በሳይንስ ቋንቋ ብንገልጸው እንዲህ ነው። ስታርች በተፈጥሮው በጥቃቅን እንክብሎች የታጨቀ ነው። በውኃ ውስጥ ሆኖ ሲሞቅ እንክብሎቹ ውኃ ጠጥተው ያብጣሉ፤ ይፈነዳሉ፤ ፈሳሹም ወደ ሙክነት ይለወጣል። ለጤፍ ስታርች ይህ የሚሆነው ከ68 እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ክልል ነው። የተገኘው ሙክ ወደ ቡሆው ሲመለስ ዝልግልግነቱን በብዙ እጥፍ ያሳድገዋል። በስቶክስ ሕግ ዝልግልግነቱ በ10 እጥፍ ሲያድግ አረፋዋ በ10 እጥፍ ትዘገያለች። ግሉተን በመለጠጥ ይሠራው የነበረውን ሥራ አብሲት በማዝገም ይሠራዋል ማለት ነው።

እንጀራ ከዚህ የበለጠ ብልሃት አለው። ሊጡ ምጣዱ ላይ ሲፈስ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ወደ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ የጋለው ምጣድ ታችኛውን ገጽ ወዲያው ያጸናዋል። ከዚያ የሚነሡት የጋዝና የእንፋሎት አረፋዎች በአጭር ጊዜ ወደ ላይ ወጥተው ይፈነዳሉ፤ በዙሪያቸው ያለው ስታርች ግን በዚያው ቅጽበት እየበሰለ ስለሚጸና መንገዳቸው ሳይደፈን ክፍት ሆኖ ይቀራል። ያ መንገድ የእንጀራው ዐይን ነው። አክምባሎው ደግሞ እንፋሎቱን አፍኖ ላይኛውን ገጽ ሳይገለበጥ ያበስለዋል።

እንግዲህ ልዩነቱን ልብ በሉ። ዳቦ አረፋን አስሮ የማቆየት ጥበብ ነው፤ እንጀራ አረፋን በጊዜው የመልቀቅ ጥበብ ነው። ግሉተን የሌለውን እህል ዳቦ እንዲሆን ስናስገድደው ይሰነጠቃል፤ ለቀለለው ቅርጽ ስናዘጋጀው ግን የሚጎድለው ነገር የለም። ከዚህ የምንማረው፣ የተወሰደብንን ሥራ የሚሠራ ሌላ ነገር መፈለግ አንዱ መፍትሔ ሲሆን፣ ያ ሥራ የማያስፈልግበትን ምግብ መምረጥ ደግሞ ሁለተኛው መፍትሔ መሆኑን ነው።

አምስት የስንዴ ቅንጣት

ይሁንና ከተመለስኩ ከጥቂት ወራት በኋላ ድካሙ ተመለሰ። የምበላው ጤፍና ዳጉሳ ብቻ ነበር። ደብተሬን ገልጬ ስመረምር በሁሉም ቀናት የማይለወጥ አንድ ነገር አገኘሁ፤ ወፍጮ ቤቱን።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት አንድ ምግብ «ከግሉተን ነጻ» ለመባል በኪሎ ግራም ከ20 ሚሊ ግራም የበለጠ ግሉተን ሊኖረው አይገባም። የስንዴ ዱቄት አንድ አሥረኛው ያህል ግሉተን ነው። ስለዚህ 20 ሚሊ ግራም ግሉተን 200 ሚሊ ግራም ዱቄት ማለት ነው። አንድ የስንዴ ቅንጣት 40 ሚሊ ግራም ያህል ይመዝናል ብንል 5 ቅንጣት ብቻ ይሆናል። በአንድ ኪሎ ጤፍ ውስጥ ደግሞ 3 ሚሊዮን ገደማ ቅንጣት አለ። ከእነዚህ መካከል 5 ስንዴ ቢገባ ወሰኑ ላይ ደረስን ማለት ነው። ከእኔ በፊት ስንዴ ወይም ገብስ ያስፈጨ ሰው ካለ፣ በወፍጮው ድንጋይና በመውረጃው ላይ የሚቀረው ዱቄት ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በቀን 50 ሚሊ ግራም ግሉተን ለሦስት ወር የወሰዱ ሕሙማን አንጀት እንደተጎዳ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የጣሊያን ተመራማሪዎች ጥናት ያሳያል፤ ይህም ግማሽ ግራም ዱቄት ነው።

ከዚያ ወዲህ እህሌን ለቅሜና አበጥሬ ቤት ውስጥ በትንሽ መፍጫ እፈጫለሁ። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ከባለ ወፍጮው ጋር ተነጋግሮ ወፍጮው ከተጠረገ በኋላ ማለዳ የመጀመሪያው አስፈጪ ቢሆን፣ ከፊት ለፊትም ጥቂት ኪሎ በቆሎ አስፈጭቶ ያን ለሌላ ሰው ቢተው አደጋውን ይቀንሰዋል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም።

ከወፍጮ ቤቱ ሌላ ሦስት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ቅይጥ ነው፤ ጤፍ ሲወደድ እንጀራ ሻጮች ገብስ ወይም ስንዴ ይቀላቅላሉ፤ ይህን በዐይን መለየት አይቻልም። ሁለተኛው የገብስ ቤተሰብ ነው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ የገብስ ገንፎና ጠላ ሁሉም የተከለከሉ ናቸው። ሦስተኛው ስም ነው። «አጃ» ስንል በከተማ ሱቅ የምናገኘውን ሊያመለክት ይችላል፤ በገጠር ግን በዚሁ ስም የሚጠራ ጥንታዊ የስንዴ ዝርያ አለ። የመጀመሪያው በራሱ ለብዙዎቹ ሕሙማን የማይጎዳ ቢሆንም ከስንዴና ከገብስ ጋር እየተቀላቀለ ስለሚመጣ አያስተማምንም፤ ሁለተኛው ግን ስንዴ ራሱ ነው። ስለዚህ ስም ሳይሆን ዕፅዋቱን መጠየቅ ያሻል።

እንግዳውን እህል ማብሰል

የተፈቀደው ከተከለከለው ይበዛል። ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ጥራጥሬ ሁሉ፣ ቆጮና ቡላ ግሉተን የለባቸውም። ዳጉሳ በተለይ በካልሲየም የታወቀ ነው፤ በ100 ግራም ውስጥ ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ይገኝበታል። አንጀታቸው ለተጎዳና አጥንታቸው ለሳሳ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በአዲስ አበባ ከፍታ ለሚያበስል ሰው ሁለት ማስታወሻ አለኝ። አንደኛ፣ ውኃ እዚህ የሚፈላው 100 ሳይሆን 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው። በውጭ አገር ማሸጊያ ላይ «15 ደቂቃ ይቀቀል» የሚል ሩዝ ወይም ኪንዋ እዚህ ከዚያ በላይ ጊዜ ይፈልጋል፤ እሳቱን ማብዛት ውኃውን ቶሎ ያተናል እንጂ አያሞቀውም። ኪንዋ አረፋ የሚያወጣና የሚመር ልባስ ስላለው ከመቀቀሉ በፊት አረፋው እስኪጠፋ መታጠብ አለበት። ሁለተኛ፣ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ያው የጋዝ መጠን አንድ ሦስተኛ ያህል የበለጠ ቦታ ይይዛል። በመሆኑም ደካማ ሊጥ እዚህ ቶሎ ይነፋል፤ ቶሎም ይወድቃል። እርሾውን መቀነስ ይበጃል።

ዳቦ የግድ ለሚያምረው ደግሞ ከብዙ ውድቀት በኋላ የያዝኩት መንገድ ይህ ነው። 300 ግራም ነጭ የማሽላ ዱቄትና 200 ግራም የጤፍ ዱቄት ይቀላቀላሉ። 30 ግራም የተወቀጠ ተልባ በ550 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውኃ ተበጥብጦ እስኪዝለገለግ ሩብ ሰዓት ይቆያል፤ ለብ ሲልም ከዱቄቱ፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ እርሾና ከጥቂት ጨው ጋር ይመታል። ውጤቱ የሚታሽ ሊጥ ሳይሆን እንደ ወፍራም ገንፎ ያለ ነው። ራሱን ችሎ ስለማይቆም ግድግዳ ባለው ቅርጽ ውስጥ ይፈሳል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይነሣል፤ እንደገና አይነካም። ተልባው እዚህ የአብሲትን ሥራ ይሠራል። ከመጋገሪያው ከወጣ በኋላ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ አለመቍረጥ ነው፤ ስታርቹ የሚጸናው ሲቀዘቅዝ ነውና። እንደ ስንዴ ዳቦ ይሆናል ብዬ አልዋሻችሁም። ነገር ግን አይሰነጠቅም፤ በር ለመደገፍም አይበቃም።

ማጠቃለያ

በዓመት በዓል ቀን የድፎ ዳቦ ሽታ ሲመጣ ዛሬም ልቤ ይሄዳል። ከማዕዱ ግን አልጎደልኩም፤ የራሴን መሶብ ይዤ ከሰው ጋር እቀርባለሁ። ዘመዶቼም «ትንሽ ብትቀምስ ምን አለበት?» ማለታቸውን የተዉት የአምስቱን ቅንጣት ሒሳብ በጠረጴዛ ላይ ከሠራሁላቸው በኋላ ነው።

ወጣት አንባቢያን፣ ከእናንተ መካከል ምክንያቱ የማይታወቅ የደም ማነስ፣ የማያቋርጥ የሆድ ሕመም ወይም የክብደት መቀነስ ያለበት ቢኖር፣ ይህን አንብቦ ከነገ ጀምሮ ስንዴ እንዳይተው አደራ እላለሁ። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ሴሊያክ ሊሆን ይችላልን?» ብሎ ይጠይቅ። እኔ ከአንድ ዓመት በላይ ያጣሁት ያን ጥያቄ ባለመጠየቄ ነው።

ለጤነኞቹ ደግሞ የቤት ሥራ እሰጣለሁ። ከአንድ ቡሆ ሦስት እንጀራ ጋግሩ፤ አንዱን ያለ አብሲት፣ ሁለተኛውን በአንድ አሥረኛ አብሲት፣ ሦስተኛውን በሁለት አሥረኛ። የምጣዱን ሙቀትና የሊጡን መጠን አጽኑ። ከዚያም በእያንዳንዱ ላይ ጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን አስምራችሁ ዐይኖቹን ቍጠሩ፤ ስፋታቸውንም በማስመሪያ ለኩ። ያገኛችሁትን በሰንጠረዥ ጻፉና ለእናቶቻችሁ አሳዩ። ውጤቱን አስቀድመው ያውቁታል፤ ምክንያቱን ግን እናንተ ትነግሯቸዋላችሁ።